ተጨማሪ ጌጅ ለመኪና፦ የትኛው ይቅደም?

የጎጃምን መንገድ ይዞ ጎሐ ጽዮንን ያለፈ መኪና ወደ ዓባይ ሸለቆ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላም ደጀን እስኪደርስ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ታች አየሩ ይሞቃል፣ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ከፊት የሚያዘግም የጭነት መኪና አይጠፋም። ሞተሩ በከባድ ማርሽ እየጮኸ፣ በቂ ንፋስ ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ይሠራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሾፌሩ ፊት ለፊት የሚያየው ምንድን ነው? ፍጥነት፣ የነዳጅ መጠን፣ ምናልባት የሞተር ዙር፣ መሃል ላይ ቆማ የማትነቃነቅ የሙቀት መርፌና ጠፍተው የተቀመጡ ጥቂት መብራቶች። አብዛኛው ሰው መርፌዋ መሃል እስካለች፣ መብራቶቹም እስካልበሩ ድረስ ሞተሩ ደህና ነው ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ስንት ሞተር እንዳሳጣ የሚያውቁት ጋራዦች ናቸው። ተጨማሪ ጌጅ ለማስገባት የሚያስብ ባለመኪና ታዲያ የትኛው እንደሚያምር ከማሰቡ በፊት ራሱን መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር አለ፦ ይህን ሞተር ቶሎ የሚገድለው ምንድን ነው? አደጋው ሲጀምር ቁጥሩን ባየው ላደርግ የምችለው ነገርስ አለ ወይ? በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ በእኔ እምነት፣ በአገራችን መንገድ ላይ ላለው አብዛኛው መኪና የሚቀድሙት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ድምፅ የሚያሰማ የሙቀት መለኪያ፣ ሁለተኛው የዘይት ግፊት መለኪያ። ሌላው ሁሉ እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ ሥራው የሚመጣ ነው።

በመጀመሪያ መሃል ላይ ስለምትቆመው መርፌ እንነጋገር። በድሮ መኪኖች የሙቀት መርፌ ከሴንሰሩ የመጣላትን እንደመጣ ታሳይ ነበር፤ ዳገት ላይ ትወጣለች፣ ቁልቁለት ላይ ትወርዳለች። ይህ ግን ደንበኞችን ያስጨንቃል፤ መኪናው ምንም ሳይሆን "መርፌው ከፍ አለ" እያሉ ወደ ጋራዥ ይመላለሳሉ። ስለዚህ አምራቾች መርፌዋን አረጋጓት። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች የውሃው ሙቀት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 105 እና 110 እስኪጠጋ ድረስ መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ አትልም። ከዚያ በኋላ መንቀሳቀስ ስትጀምር ግን በአንድ ጊዜ ወደ ቀዩ ትዘላለች። እንደ ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ያሉ ትናንሽ መኪኖችማ ጭራሹን መርፌ የላቸውም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ይበራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ርቀት ለሾፌሩ ጨለማ ነው። በዘይት በኩልም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በምትባለው ትንሽ የስፖርት መኪናው ላይ እውነተኛ የዘይት ግፊት ጌጅ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ግን ጌጁ መልኩ ሳይቀየር ውስጡ ተቀየረ፤ ጥቂት ግፊት ካለ መርፌው መሃል ይቆማል፣ ከሌለ ይወድቃል፤ መርፌ የለበሰ መብራት ማለት ነው። ፎርድም ከዚያ ቀደም ብሎ በብዙ መኪኖቹ ላይ እንዲሁ አድርጓል። አምራቾቹን በክፋት የምንከስበት ምክንያት የለም፤ አዲስ መኪና፣ ዋስትና ያለው፣ ቅርብ ጋራዥ ላለው ሰው የሚበቃውን ሠርተዋል። ሃያ ዓመት ያገለገለ መኪና በተራራ ላይ የሚነዳ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

ይህን ልዩነት የሚያጎላው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የመኪና ውሃ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን፣ መካኒኮች ታፖ የሚሉት፣ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ የሚገኘው 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን ጤነኛ ከሆነ፣ ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠረፍ ከተማ እስከ 118 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ደግሞ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፤ ኩላንት በግማሽ ከተቀላቀለበት ከዚያም ጥቂት ይጨምራል። አሁን የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊት መያዝ አቆመ እንበል። ያኔ ውሃው እንደ ድስቱ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ መፍላት ይጀምራል። ቴርሞስታት ግን 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው፤ ይህም ማለት ውሃው የሚፈላው ሞተሩ በጤናው በሚሠራበት ሙቀት ላይ ነው። የዳሽቦርዱ መርፌ በዚህ ሁሉ መሃል ላይ ናት፤ ለእሷ 92 ዲግሪ የተለመደ ነገር ነው። ሾፌሩ የሚያውቀው እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ሲወጣ ነው።

የከፍታው ጣጣ በዚህ አያበቃም። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ ራዲያተሩ ሙቀቱን የሚሰጠው ለዚህ ለሳሳ አየር ነው። ወደ ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፤ ሌላ ችግር ግን ይመጣል። ራዲያተር የሚያስወጣው ሙቀት በውሃውና በአየሩ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ውሃው 90፣ አየሩ 20 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 70 ነው፤ ከጂቡቲ በጋላፊ በኩል በአፋር ሜዳ የሚያልፍ መኪና 42 ዲግሪ አየር ካገኘው ልዩነቱ 48 ይሆናል። ያው ራዲያተር፣ ያው ፋን፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ ግን ወደ ሢሶ የሚጠጋ ተቀንሷል። በደለል ግማሹ የተደፈነ፣ ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ለዓመታት ሲጠጣ የኖረ ራዲያተር ከሆነ ደግሞ ቀድሞውንም ትርፍ አቅም አልነበረውም።

ሞተር ሲግል የሚጎዳው በምን እንደሆነ ማወቅ ጌጅ ለመምረጥ ይረዳል። የአብዛኞቹ ሞተሮች ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ ሥሩ ያለው ብሎክ በብዙዎቹ የብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚለጠጠው የብረቱን እጥፍ ያህል ነው። ከልኩ በላይ ሲግል በብሎኖቹ ተይዞ መለጠጫ ያጣል፤ ይጣመማል፣ ወይም በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ውሃ ወደ ዘይት፣ የቃጠሎ ጋዝም ወደ ውሃው ይገባል። የቶዮታ 2ኤል-ቲ ዲዝል ሞተር በዚህ በሽታ በዓለም ዙሪያ ስሙ የታወቀ ነው። በጥቂት ብር የሚገዛ የጎማ ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ውሃው አልቆ፣ ቴስታታው ወርዶ ማሽን ሾፕ ገብቶ የሚላገው፣ አንዳንዴም ጨርሶ የሚቀየረው በዚህ መንገድ ነው፤ ከማሰሪያው መላላት እስከ ቴስታታው መጣመም ያለው ጊዜ ዳገት ላይ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የሙቀት ሴንሰር የሚለካው ውሃውን ነው፤ ጫፉ ውሃ ውስጥ መነከር አለበት። ቱቦ ፈንድቶ ውሃው በሙሉ ከፈሰሰ ሴንሰሩ በባዶ ቦታ፣ በአየርና በእንፋሎት መካከል ይቀራል። አየር ሙቀት የሚያስተላልፈው ከውሃ እጅግ ባነሰ ሁኔታ ስለሆነ ብረቱ እየጋለ መርፌው ባለበት ሊቆም፣ እንዲያውም ሊወርድ ይችላል። ሾፌሩ "ቀዘቀዘልኝ" ብሎ ነዳጅ ይረግጣል። ስለዚህ ውድ የውሃ ሙቀት ጌጅ ገዝቶ ከፋብሪካው ሴንሰር ጎን ማስገባት የችግሩን ግማሽ ብቻ ይፈታል። የተሻለው ምርጫ የብረቱን ሙቀት የሚለካ ነው፦ ጫፉ እንደ ቀለበት የተበሳ ሴንሰር ቴስታታው ላይ ካለ አንድ ብሎን ሥር ይታሰራል፣ ሽቦው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ትንሿ ሳጥን ቁጥሩን ታሳያለች፣ ከተቀመጠላት ልክ ሲያልፍ ትጮኻለች። ውሃ ኖረም አልኖረም ብረቱ ብረት ነው። የሚቆረጥ ቱቦ፣ የሚበሳ ቧንቧ የለም፤ አንድ ብሎን ተፈትቶ ይታሰራል። ለአንድ ጌጅ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ያስገባ እላለሁ። ድምፁ ደግሞ ከቁጥሩ አይተናነስም። ዳገት ላይ ዓይን ያለው መንገዱ ላይ ነው፤ መሆንም ያለበት እዚያው ነው።

ሁለተኛው የዘይት ግፊት ነው። ቀዩ የዘይት መብራት ሁሉም መኪና ላይ ስላለ ለምን ሌላ ያስፈልጋል የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ያለው መብራቱ በሚበራበት ቁጥር ላይ ነው። የመብራቱ ማብሪያ በአብዛኞቹ መኪኖች የሚሠራው ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ባር ወዳለው ሲወርድ ነው። አሁን ለብዙ የቶዮታ ሞተሮች የጥገና መጽሐፉ የሚለውን እናስተያይ፦ ሞተሩ ሞቆ ቆሞ ሲሠራ ቢያንስ 0.3፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር፤ ይህ ልክ ከባር ጋር ተቀራራቢ ነው። እንግዲህ አንድ ሞተር በ3,000 ዙር ከባድ ዳገት እየወጣ የዘይቱ ግፊት 1 ባር ሆነ እንበል። ከሚያስፈልገው ግማሹም የለውም፤ ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚናዎች ላይ ያለው ስስ የዘይት ንጣፍ እየተበጠሰ፣ ብረት ከብረት እየተፋተገ ነው። መብራቱ ግን ጠፍቶ ይቀመጣል፤ ለእሱ 1 ባር ብዙ ነው። እስኪበራ ድረስ ብሮንዚናው ተበልቷል፣ ሞተሩም ሊነክስ ተቃርቧል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ መብራት ልክ ነው።

የግፊት ጌጅ ለባለመኪናው የሚሰጠው የአደጋ ዜና ብቻ አይደለም፤ የሞተሩን ዕድሜ በወራት ርቀት ያሳየዋል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ብሮንዚና ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ሁለቱም በሞቀ ሞተር ላይ ግፊቱን ቀስ በቀስ ያወርዱታል። ባለፈው ዓመት ሞቆ 3 ባር ያሳይ የነበረ ሞተር ዘንድሮ በዚያው ዙር፣ በዚያው ዘይት 2.2 ካሳየ እየነገረ ያለው ነገር አለ። ዘይት ተቀይሮ በማግስቱ ግፊቱ ከወትሮው ካነሰ ደግሞ የተሞላው ዘይት ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አይደለም ብሎ መጠርጠር ይቻላል። በአቪዬሽን ይህ ጉዳይ ለምርጫ አልተተወም። የአሜሪካ የበረራ ሕግ በቀን፣ በጥሩ አየር ለምትበር ትንሽ አውሮፕላን እንኳ ለእያንዳንዱ ሞተር የዘይት ግፊት መለኪያ፣ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ የሙቀት መለኪያ እንዲኖር ግዴታ ያደርጋል። በአገራችን መንገድ ላይ ያሉ የንፋስ ፍሬን ያላቸው ከባድ መኪኖችም የአየር ግፊት ጌጅ አላቸው፤ ፍሬን የሚያህል ነገር ለመብራት ብቻ አይተውም። ቁጥር ማሳየት አስፈላጊ ሲሆን አምራቹም ሕግ አውጪውም ያሳያሉ።

ወደ ቀሩት ስንመጣ ነገሩ ይቀላል። ቮልት ሜትር ርካሽ ነው፣ ማስገባቱም አያስቸግር፤ ባትሪ ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ አርፎ 12.6፣ ዲናሞው እየሞላ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ደህና ነው፤ ለባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ይህን በእጥፍ ማሰብ ነው። ሌሊት ገጠር መንገድ ላይ ቁጥሩ ከ12 በታች እየወረደ ከሆነ መብራት ሳይጠፋ ከተማ መድረስ ወይም መቆም ያስፈልጋል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል የዲናሞውን ቮልት ሆን ብሎ ስለሚቀንስ የ12.5 ንባብ ብቻውን ሰው ማስደንገጥ የለበትም። አሮጌው አምፔር ሜትር ግን አይመከርም፤ አብዛኛው የመኪናው ኤሌክትሪክ ዳሽቦርዱ ውስጥ እንዲያልፍ ስለሚያደርግ ሽቦው አንድ ቦታ ከተላጠ እሳት ነው።

ቮልስ ላላቸው ሰዎች የተለየ ነገር ልበል፤ አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያሽከረክሯት አሉና። በአየር የምትቀዘቅዝ ስለሆነች ውሃ የላትም፣ የውሃ ጌጅም አይገባባትም። ማቀዝቀዣ ፋኗና ዲናሞዋ በአንድ ዘንግ፣ በአንድ ቺንጋ የሚዞሩ ስለሆኑ የዲናሞው ቀይ መብራት ድንገት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ፋኑም ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ መብራት እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ብሎ መንዳት ሞተሩን ያስከፍላል። ለእሷ የሚስማማው ከካንዴላ ሥር እንደ ቀለበት የሚገባ የቴስታታ ሙቀት መለኪያና የዘይት ሙቀት መለኪያ ነው።

ቱርቦ ባላቸው ዲዝሎች ላይ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው የቱርቦ ግፊት ጌጅ ነው፤ መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ ለዓይን ደስ ይላል። እኔ ግን ከመጨረሻዎቹ መካከል አደርገዋለሁ። ቱቦ ሲቀደድ ግፊቱ መውደቁን ያሳያል፤ እሱን ግን መኪናው ጉልበት በማጣቱና በጥቁር ጭሱ ራሱ ይናገራል። ዲዝልን በተራራ ላይ የሚገድለው የጭስ ማውጫው ሙቀት ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ የሚረጨው ነዳጅ ካልቀነሰ፣ በተለይም ፓምፑ "ጉልበት ይጨምር" ተብሎ በተከፈተ መኪና ላይ፣ ትርፉ ነዳጅ ሙቀት ይሆናል። የውሃው መርፌ ይህን አያውቅም፤ ውሃው ሳይሞቅ ፒስተኑ ሊጎዳ ይችላል። የፒስተኑ ዋና ማዕድን የሆነው አሉሚኒየም 660 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከቱርቦው በፊት የሚለካው ጭስ ለረጅም ጊዜ ከ700 ዲግሪ ሲያልፍ አደገኛ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ሴንሰሩ መግባት ያለበት ከቱርቦው በፊት ነው፤ ከኋላ ከገባ ጭነት ላይ ከመቶ ዲግሪ በላይ አሳንሶ ስለሚያሳይ ሰውን ያዘናጋል። ጭነት ይዞ ጣርማበርን ወይም ሊማሊሞን ለሚወጣ ቱርቦ ዲዝል ይህ ጌጅ ከዘይት ግፊቱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ቁጥሩ ሲያሻቅብ ማርሽ መቀነስና ነዳጅ ማላላት ስለሚያወርደው ሾፌሩ ወዲያው የሚያደርገው ነገር አለ። ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ የቤንዚን መኪና ግን ምንም አይጠቅምም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው፣ ተጎታች የሚስብ ወይም አሸዋና ተራራ የሚያዘወትር መኪና የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ጌጅ ቢኖረው ጥሩ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ቀላል አይደሉም። ጠንካራው ስለ ስልክ ነው። ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ትንሽ ብሉቱዝ ማንበቢያ ሰክቶ በስልክ የውሃውን ትክክለኛ ሙቀትና ቮልቱን ማየት ይቻላል፤ ዋጋውም ከአንድ ጌጅ ያንሳል። ይህን የሚል ሰው ትክክል ነው፤ ሶኬቱ ያለውና ከማንበቢያው ጋር የሚግባባ መኪና ያለው ሰው ከዚህ ቢጀምር እመክራለሁ። ማንበቢያው የተረጋጋችውን መርፌ አልፎ ኮምፒውተሩ የሚያየውን ቁጥር ያሳያል። ሁለት ነገር ግን አያደርግም። አንደኛ፣ የሚያነበው ያንኑ ውሃ ውስጥ ያለ ሴንሰር ስለሆነ ውሃው ካለቀ እሱም ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ አብዛኛው መኪና ላይ የዘይቱ ሴንሰር አብራ አጥፋ ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ የዘይቱን ግፊት አያውቅም፤ የማያውቀውን ለስልክ ሊነግር አይችልም። የድሮዎቹ ዲዝል ሚኒባሶችና አይሱዙዎች ደግሞ ሶኬቱም የላቸውም።

ሌላው መቃወሚያ ከልምድ የመጣ ነው፤ ጎበዝ ሾፌር ሞተሩን በጆሮውና በአፍንጫው ያውቃል ይባላል። የልምድን ዋጋ ማንም አይክድም። ነገር ግን ጆሮ የሚሰማው የብሮንዚና ኳኳታ ብሮንዚናው ከተበላ በኋላ የሚመጣ ድምፅ ነው፤ አፍንጫ የሚያሸተው ኩላንትም አስቀድሞ ከቱቦው የወጣው ነው። ያ ልምድ ከመለኪያ ጋር ሲገናኝ ይበልጥ ይሠራል፦ የቁጥርን ትርጉም ፈጥኖ የሚረዳው ልምድ ያለው ሾፌር ነው። በጊዜው ሰርቪስ የሚደረግ መኪና ጌጅ አያስፈልገውም የሚሉም አሉ። ሰርቪስ የሚቀድም መሆኑ አያከራክርም፤ የሚንጠባጠብ ራዲያተር ይዞ ጌጅ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቱቦ የሚፈነዳውና ቺንጋ የሚበጠሰው ግን በሰርቪስ ቀን ሳይሆን በሰርቪስና በሰርቪስ መካከል ነው። ጌጅ ሲበዛ ሾፌሩን ያዘናጋል የሚለውን ደግሞ እኔም እቀበለዋለሁ፤ ስድስት ጌጅ የተደረደረበት ዳሽቦርድ ላይ አንዱም አይነበብም። ሁለት ይብቃ፣ ድምፅ ያላቸውም ይሁኑ የምለው ለዚሁ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው መቃወሚያ ጌጁ ራሱ ጉዳት ያመጣል የሚለው ነው፤ በመጥፎ ከተገጠመ እውነት ነው። የዘይት ግፊት ጌጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቀጭን ቱቦ የሞተሩን ትኩስ ዘይት እስከ ዳሽቦርዱ ድረስ የሚያመጣ ነው፤ ቱቦው ከተሰነጠቀ ዘይቱ የሾፌሩ እግር ላይ ይፈሳል፣ ሞተሩም ዘይት ያጣል። ሁለተኛው ዘይቱን ሞተሩ ጋ ትቶ በሽቦ ምልክት ብቻ የሚልክ ነው፤ ለቤተሰብ መኪና የሚገባው ይህ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ጌጅና ሴንሰር ለየብቻ የሚገዛ ሰው ሁለቱ መግባባታቸውን ማረጋገጥ አለበት። የአውሮፓው ልማድ የሴንሰሩ ተቃውሞ ከ10 ኦም ተነሥቶ ወደ 180 እንዲወጣ ነው፤ የአሜሪካው ከ240 ተነሥቶ ወደ 33 ይወርዳል። ሁለቱ ከተደባለቁ ግፊቱ ሲወድቅ መርፌው የሚወጣ ጌጅ ተሠራ ማለት ነው። የሴንሰሩ ጥርስም እንዲሁ ያታልላል። የጃፓን ሞተር ላይ ያለው የዘይት ሴንሰር ቀዳዳ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ አለው፤ የአሜሪካው 27 ነው። ዓይን አይለያቸውም፤ በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ከዚያ በቁልፍ በግድ ይታሰርና የብሎኩ ጥርስ ይበላል፣ ወይም ዘይት ያንጠባጥባል። ሦስተኛው ጥንቃቄ የነጭ ቴፑ ነው፤ አብዛኛው ሴንሰር ኔጌቲቩን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ ቴፕ የተጠቀለለበት ሴንሰር የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። ከባዱን ሴንሰር በቀጭን የነሐስ ማገናኛ ላይ አንጠልጥሎ መተውም አደጋ ነው፤ በዲዝል ንዝረት ማገናኛው ሊሰበር ይችላል፣ የዘይቱ መፍሰሻም ያው ስብራት ይሆናል። ሴንሰሩን አካሉ ላይ አስሮ በተጠናከረ ቱቦ ማገናኘት ይህን ያስቀራል። የፋብሪካው የዘይት መብራት ደግሞ እንዳይነቀል፤ ማከፋፈያ ገብቶ ሁለቱም ይሥሩ።

በኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ይህ ጉዳይ ክብደቱ ጨምሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ለገዛ ሰው እዚህ የተጻፈው አብዛኛው አይመለከተውም፤ የዘይት ግፊትም ቴስታታም የለውም። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና በእጁ ያለው ሰው ግን ያለችውን ማቆየት አለበት፤ ሞተሩ ከነከሰ የሚተካው ሌላ አሮጌ ሞተር ነው፣ እሱም ዋጋው እየወጣ፣ ጤንነቱ የማይታወቅ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደርባቸው ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖችን ስናስብ ደግሞ የሁለት ጌጅ ዋጋ ከአንድ ቴስታታ ማስላጊያ ጋር አይወዳደርም።

ጌጁ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የመኪናውን ልክ ማወቅ ነው፤ ከሌላ ሰው የተሰማ ቁጥር እዚህ አይጠቅምም። በሚታወቅ መንገድ፣ በሚታወቅ ዳገት፣ ሞተሩ ጤነኛ ሳለ የቴስታታው ሙቀት ስንት እንደሚደርስ፣ ዘይቱ ሞቆ በቆመበትና በ3,000 ዙር ስንት እንደሚያሳይ ወረቀት ላይ ጽፎ ጓንት ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል። የሙቀት ድምፁ መኪናው በከባዱ ዳገት ላይ ካሳየው ከፍተኛ ቁጥር 10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ በከንቱ አይጮኽም፣ ሲጮኽም ጊዜ ይሰጣል። ሲጮኽ የሚደረገው እንደ ጉዳዩ ይለያያል። የዘይት ግፊቱ ወድቆ ከሆነ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን በዚያው ሰከንድ ማጥፋት ነው፤ እስከሚቀጥለው ከተማ የሚባል ነገር የለም። ግፊቱ ደህና ሆኖ ሙቀቱ ከወጣ ኤሲውን ማጥፋት፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ መስኮት ማውረድ፣ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ማላላት ይቻላል። ከማሞቂያው ትኩስ አየር ከመጣ ውሃው አለ፤ አመቺ ቦታ ቆሞ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ ባለበት ማሠራት በአንዴ ከማጥፋት ይሻላል፣ ውሃው እየዞረ ሙቀቱን ያወጣዋልና። ሙቀቱ እየወጣ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ግን ውሃው አልቋል ወይም መዞር አቁሟል፤ ያኔ ወዲያው ማጥፋት ነው። ክዳኑ የሚከፈተው የቴስታታው ቁጥር ከ50 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው፤ ይህም ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ውሃውም ቀዝቃዛ ሳይሆን ለብ ያለ ቢሆን፣ በአንዴ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ቢጨመር የጋለው ቴስታታ አይሰነጠቅም።